ሴት፣ ጥቅል ይዛ

እናቴን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ፣ መስታወት ውስጥ ተሰቅላ አገኘኋት። ከደነገጣችሁ እኔም ደንግጫለሁ። ጠዋት ሻይዋን ይዛ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነው ትቻት የወጣሁት። ፌርማታው ላይ ደግሞ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆና፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስይዛ፣ በር የሚያክል ወረቀት ላይ ሆና ታየኛለች። ከሥሯ በትልልቅ ፊደል «ትናንትናችሁን እንጠብቃለን» ይላል። ከዚያ ዝቅ ብሎ የቤተ መጻሕፍቱ ስም አለ። ከሁሉም በታች፣ ጎንበስ ካላሉ በማይነበብ ፊደል፣ «ማንነቷ ያልታወቀ ሴት። ከልዩ ስብስብ ክፍል» ተብሎ ተጽፏል።

ማንነቷ ያልታወቀ! አይ እናንተ! ጠይቃችሁ ነው ያጣችሁት?

እኔ ያወቅኳት በኮሌታዋ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ፊት ሊያሳስተኝ ይችላል፣ ኮሌታ ግን አያሳስተኝም። ያንን ቀሚስ በልጅነቴ ፈትቼ፣ መልሼ ሰፍቼ ነው ሙያ የለመድኩት። ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ ከሌሎቹ ይለያል፤ ጠፍቶባት ከአባቴ ሸሚዝ ነቅላ የተካችው ነው። ቁልፉ ዛሬም እቤት፣ የቁልፍ ማስቀመጫዬ ቆርቆሮ ውስጥ አለ።

ከሰዓት በኋላ እማዬን እጇን ይዤ ፌርማታው ድረስ ወሰድኳት። እማዬ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። በዚያው ወር የዓይን ሐኪሙ «አንደኛው ዓይን ሄዷል፤ ሁለተኛውም እየሄደ ነው። ስድስት ወር ካገለገለ ጥሩ ነው» ብሎን ነበር፤ ስለ ጫማ ሶል የሚያወራ ነበር የሚመስለው። ታዲያ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ፣ በቀረላት ዓይን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ተመለከተች። «ለካ ቆንጆ ነበርኩ» ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣

«ልጄስ?» አለች።

«የቱ ልጅሽ?»

«ይዤው ነበር እኮ። እዚህ ጋ።» ክንዷን አጥፋ አሳየችኝ። «ማሙሽን የት አደረጉት?»

ማሙሽ የበኩር ልጇ ነው፤ እኔ ከመወለዴ በፊት የሞተ ወንድሜ። የአምስት ወር ልጅ ሳለ ይዛው ፎቶ ቤት ሄደች። ፎቶ አንሺው «በሁለት ሳምንት ይደርሳል» አላት። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁን ትኩሳት ያዘው፤ በሁለተኛው ሳምንት ልጁ አልነበረም። ፎቶውን ማን ሄዶ ያምጣው? አባቴ እግሬ አይሄድልኝም አለ፣ እሷም ያንን መንገድ ተወችው፣ ነገሩ በዚያው ቀረ። ሌላ ፎቶ የለውም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እዚያው ፌርማታው ላይ፣ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ ነው። ስድሳ ዓመት ሙሉ ስለዚያ ልጅ «ነበረ፣ ሞተ» ከማለት አልፋ የማታውቅ ሴት።

«ፊቱ ጠፍቶብኛል» አለችኝ። «ልብሱን አስታውሳለሁ፣ ሽታውን አስታውሳለሁ፣ ፊቱ ግን ከሄደ ቆየ። ይቺ ዓይኔ ሳትዘጋ አንዴ ልየው። አንዴ ብቻ።»

ፎቶውን ማስታወቂያው ላይ የለጠፈው ሰው ከትከሻዋ በታች ቆርጦታል። የተቆረጠው ቤተ መጻሕፍቱ ጋ መሆኑ ነው። ሄጄ «እባካችሁ አንድ ቅጂ» ማለት ነው፣ ሌላ ምን አለው? እንዲህ ነበር ያሰብኩት። የዋህነቴን ተመልከቱልኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ቦርሳዬን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈብኝ። ከዚያ ኪሴን ፈትሾ እስክሪብቶዬን ወሰደ፤ ልዩ ስብስብ ክፍል ውስጥ ቀለም ክልክል ነው፣ የሚፈቀደው እርሳስ ብቻ ነው አለኝ። መቀሴን ቢወስድ በገባኝ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ በየጠረጴዛው ላይ አንገቱን የደፋ መብራት፣ ከሁሉም ማዶ ደግሞ ነጭ የጨርቅ ጓንት ያደረገ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ሰው። ስሙን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም፤ በልቤ ባለጓንቱ አልኩት፣ በዚያው ጸና። በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። በክፍሉ ውስጥ ከእኔና ከእሱ በቀር ማንም የለም፤ ማንን እንዳይቀሰቅስ እንደሆነ እንጃ።

ጉዳዬን ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ። ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ የፎቶ አንሺው ቤተሰቦች ሠላሳ ሳጥን ሙሉ ፎቶ ለቤተ መጻሕፍቱ እንደሰጡ፣ መብቱም አብሮ እንደተላለፈ አስረዳኝ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ቴምብር የምታክል ፎቶ ናት። እናቴ አለች፤ ክንዷ ላይ ነጭ ነገር አለ። ከጎኗ «ማንነቷ ያልታወቀ ሴት፣ ጥቅል ይዛ» ይላል።

«ጥቅል አይደለም፣ ልጅ ነው» አልኩት።

«መዝገቡ የሚለው ጥቅል ነው።»

«ወንድሜ፣ ሰው ለብሶ ተኳኩሎ፣ ጥቅል ታቅፎ ፎቶ ይነሳል? ሥጋ ገዝታ ስትመለስ መንገድ ላይ ያገኛት መሰለህ?»

«መዝገቡን ያዘጋጁት ባለሙያዎች ናቸው» አለኝ፣ ሳይቆጣ። አለመቆጣቱ ነው ይበልጥ ደሜን ያፈላው።

«እሺ፣ ዋናውን አምጣውና አብረን እንየው።»

«ዋናው ለዕይታ አይወጣም። እጅና ብርሃን ይጎዳዋል። ስካን የምናደርገውም ለዚሁ ነው።»

«እንግዲያው ስካኑን ስጠኝ።»

«ለስካን ፈቃድ ያስፈልጋል» አለና ፎርም ሰጠኝ።

ፎርሙ «ምስሉ የተፈለገበት ምክንያት» ይላል፤ ሳጥኖቹ ደግሞ ጥናት፣ ኅትመት፣ ኤግዚቢሽን፣ ማስታወቂያ፣ ሥርጭት ናቸው። አገላበጥኩት። እናት የሚል የለም።

«‹ሌላ› የሚል ሳጥን የላችሁም?»

«ነበረን። ሰው ሁሉ እሱን ስለሚመርጥ አወጣነው።»

ይሁን ብዬ እርሳሴን አነሳሁ። ለካ ፎርም በእርሳስ አይሞላም፤ በእስክሪብቶ ነው የሚሞላው። እስክሪብቶ ደግሞ ውስጥ ክልክል ነው። ታዲያ ምን ይደረጋል? ሰው ወደ ኮሪደር ይወጣል፣ ጥበቃው እስክሪብቶውን ይመልስለታል፣ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ደግፎ ቆሞ ይሞላል። ኮሪደሩ ውስጥ ወንበር የለም፣ ጠረጴዛም የለም። ግድግዳው ግን በደረት ቁመት ልክ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የእስክሪብቶ ጭረት በጭረት ሆኗል፤ ስንት ሰው ከወረቀቱ አልፎ ግድግዳውን እንደጻፈበት ቁጠሩት። ትናንትናችንን ይጠብቃሉ፣ ግድግዳቸውን ግን ለእኛ እስክሪብቶ ትተውታል።

«ጥናት» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። የጥናቱ ርዕስ ለሚለው «የእናቴ የበኩር ልጅ ፊት» አልኩ። ጥናቱን የሚከታተለው ክፍል ለሚለው «እናቴ» አልኩ። የሚፈለገው ምስል፦ «ሴት ከሕፃን ጋር»። ፈርሜ ሰጠሁት፤ በጓንቱ ተቀበለኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ሁለት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ መጣ። «የጠየቁት ‹ሴት ከሕፃን ጋር› የተሰኘ ምስል በስብስባችን ውስጥ የሌለ መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን» ይላል። በአክብሮት! አንዴ ሳይሆን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እማዬ አጠገቤ ሆና «ምን አሉ?» ስትለኝ «በቅርቡ ይደርሳል አሉ» አልኳት።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ውሸት አልችልም። ቀሚሱ ያላማረባትን ሴት «አላማረብሽም» እላታለሁ፤ «ወፈርኩ እንዴ?» ያለችኝን «አዎ፣ አራት ጣት ጨምረሻል» እላታለሁ። ደንበኞቼ ጥቂት የሆኑት ለዚህ ነው፤ ያሉትም የማይለቁኝ ለዚህ ነው። ያቺ «በቅርቡ ይደርሳል» ታዲያ ጉሮሮዬ ላይ ቀረች።

እማዬ ግን በዚያን ጊዜ ውሸት ጀምራለች። ድሮ በመርፌዬ ክር የምታስገባልኝ እሷ ነበረች። በመጀመሪያው ወር ታስገባ ነበር፤ በሁለተኛው ወር ክሩን በምራቋ አርሳ ቀዳዳውን ስትስተው፣ «ይሄ መርፌ ቀዳዳው ጠበበ፤ የዛሬ ዕቃ!» አለች። ጎረቤታችን ብቅ ስትል ድምጿን ሰምታ «ውይ፣ ይሄ ቀይ ሹራብ እንዴት አምሮብሻል!» ትላታለች። ሹራቡ አረንጓዴ ነው። ጎረቤታችንም ወደ እኔ ታይና «አመሰግናለሁ እማማ» ትላለች። እኔ አንጀቴ እያረረ ስፌቴ ላይ አቀርቅሬ ፔዳሌን እረግጣለሁ።

ደብዳቤውን ይዤ ተመለስኩ። ቦርሳ ተቆለፈ፣ እስክሪብቶ ተወሰደ፣ ባለጓንቱ ተነሳ።

«መዝገቡ በሚለው ስም ነው መጠየቅ ያለብዎት» አለኝ በሹክሹክታ። «‹ጥቅል› ብለው ቢጽፉ ኖሮ ያልቅ ነበር።»

«ወንድሜን ጥቅል ብዬ ልጻፈው?»

«ለጊዜው» አለኝ።

ወጣሁ። ግድግዳው ላይ «ሴት፣ ጥቅል ይዛ» ብዬ ጻፍኩ፤ ጥርሴን ነክሼ ነው። ዝም ብዬ ብመለስ ምን ነበረበት? አይሆንልኝም፤ ምላሴ ቢያርፍ እጄ አያርፍም። ከሥሩ ሰፋ አድርጌ «ሴትዮዋ እናቴ ናት። በሕይወት አለች። ስትሞት ልትሰጧት ነው?» ብዬ ጨመርኩበት።

ባለጓንቱ ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ። ጓንቱን አወለቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቶቹን አየሁ፤ እንደ ሰው ጣት ናቸው።

«ይህችን ባይጽፏት ጥሩ ነበር» አለኝ።

«ለምን?»

«ማንነቷ ሳይታወቅ የክፍሉ ኃላፊ ፈርመው ያልቅ ነበር፤ ያልታወቀ ሰው ቅር አይለውም። አሁን ግን ማንነቷ የታወቀ፣ በሕይወት ያለች ሰው ሆነች። በምስሉ ላይ ያለው ሰው በአካል ቀርቦ፣ መታወቂያ አሳይቶ ካልፈቀደ ስካን አይደረግም።»

«ፌርማታ ላይ ስትሰቅሏትስ ማንን አስፈቀዳችሁ?»

«ያኔ ማንነቷ አይታወቅም ነበራ።»

«አሁን ታወቀ አይደል? አውርዷታ!»

«ማውረድ የሌላ ክፍል ሥራ ነው።»

ኧረ ጉድ በሉ! ከተማው ሁሉ ሲያያት ፈቃድ አላስፈለገም፤ ልጇን ልታይ ስትል ግን ራሷን ራሷ ማስፈቀድ አለባት። ጮህኩ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ጮሆ አያውቅም መሰለኝ፣ ጥበቃው ሮጦ መጣ። ባለጓንቱ በእጁ «ተወው» አለው። ከዚያ የቀጠሮ መዝገብ ገለጠና፣ ጣቱን ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች አወረደው። ኃላፊው ዕረፍት ላይ ናቸው፤ የስካን ፈቃድ የሚፈረመው ደግሞ በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ብቻ ነው። ሁለት ወር ከአንድ ሳምንት።

«ዓይኗ እስከዚያ አይቆይም» አልኩት። አሁን አልጮህኩም።

ቀና ብሎ አየኝ። መዝገቡን እንደገና ገለበጠ፣ እንደገና ወረደ። «ሌላ ማክሰኞ የለም» አለኝ። የእውነት ያዘነ ይመስላል፤ ሐዘን ግን ማክሰኞ አይፈጥርም።

ማክሰኞዋ ደረሰች። እማዬ ያንን የድሮ ቀሚስ የመሰለ ካልለበስኩ አለች፤ ሰፋሁላት። መታወቂያዋን ደረቷ ውስጥ ከተተች። በመንገድ ላይ «ዛሬ ቀኑ ብሩህ ነው» ትለኛለች። ደመና ነበር።

ባለጓንቱ ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ መታወቂያዋን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገና «በመመሪያው መሠረት በምስሉ ላይ ያለው ሰው ከመፈረሙ በፊት ምስሉ የራሱ መሆኑን ከዋናው ማረጋገጥ አለበት» አለ።

«ከምኑ?» አልኩት።

«ከዋናው።»

አራት ወር ተኩል ለዕይታ አይወጣም የተባለው ዋናው! «ይህንን ከመጀመሪያው ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ከመጀመሪያው ማንነቷ...»

«አይታወቅም ነበር። አውቃለሁ። ዝም በል፣ ሂድ አምጣው።»

ሳጥኑን በሁለት እጁ ተሸክሞ መጣ። ከሳጥኑ ውስጥ ፖስታ አወጣ። ፖስታው ጀርባ ላይ ፎቶ አንሺው በእርሳስ «አልተወሰደም» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ፣ በሌላ ጊዜ፣ በሌላ እርሳስ፣ አሁንም «አልተወሰደም»። ሰውዬው ጠብቋት ነበር ማለት ነው። ለእማዬ ግን አላነበብኩላትም።

ፎቶዋ መዳፍ ታክላለች። መብራቱን ዝቅ አደረገው፣ እግር ያለውን ማጉያ መስታወት ላይዋ ላይ አቆመ። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። እናቴ ጥርት ብላ ወጥታለች፤ ኮሌታዋ፣ ያቺ የተለየች ቁልፍ፣ ቅንድቧ ሳይቀር። ክንዷ ላይ ልጅ አለ፤ ልጅ መሆኑን ትንሿ እጅ ትመሰክራለች። ፊቱ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ግን ነጭ ጭጋግ ነው። ካሜራው ቀርፋፋ፣ እሷ ትንፋሿን ይዛ፣ እሱ ጭንቅላቱን ወዲያ ወዲህ ሲያደርግ ነው የተነሳው። ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ፣ አፍ የለ። መዝገቡን ያዘጋጁት ባለሙያዎች ጥቅል ቢሉ አልፈርድባቸውም፤ ይህንን ስል ምን ያህል እንደመረረኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቀና ስል ባለጓንቱም አይቶታል። ተያየን።

«ፈቀቅ በይልኝ» አለች እማዬ።

ጎንበስ አለች። ግንባሯ ማጉያውን ነካው። ቆየች። እኔ ጠረጴዛውን ይዤ እቆጥራለሁ፤ ስንት እንደደረስኩ አላውቅም።

«ይኸው!» አለች። «ይኸው ማሙሽዬ! ይኸው የኔ ጌታ!» ድምጿ የእሷ አይመስልም፤ የልጅ ድምፅ ሆነ። «ሊስቅ ሲል እኮ ነው። አየሽው? ሊስቅ ሲል ነው ያነሳው። አንተስ የኔ ልጅ፣ አየኸው?»

አንተ የተባለው ባለጓንቱ ነው። ይህ ሰው፣ መዝገብ ላይ ካልተጻፈ ፀሐይ ወጥታለች የማይል ሰው፣ ጎንበስ ብሎ ጭጋጉን አየ።

«አየሁት እማማ» አለ። «ወደ እኔ ነው የሚያየው።»

አራት ወር ተኩል ሙሉ የረገምኩትን ሁሉ እዚያው ይቅር አልኩት። ተነስቼ ላቅፈው ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ እርሳስ አንስቶ የመዝገቡን ካርድ ሳበ። «ጥቅል» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘው።

«የሕፃኑ ስም ማን ይባል?»

«ማሙሽ።»

«ሙሉ ስሙስ?»

«ሙሉ ስም የሚጠይቀው ሰው ሳይመጣ ነው የሄደው» አለች እማዬ። ባለጓንቱ ካርዱ ላይ ማሙሽ ብሎ ጻፈ።

የቀረው የፈቃድ ፎርሙን መፈረም ነው። በእስክሪብቶ። በኮሪደር። እማዬ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ተነሽ ቢሏትም የምትነሳ አይደለችም። እኔ አፌን ልከፍት ስል ባለጓንቱ ወደ በሩ አየ፤ ጥበቃው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ሰውዬዬ ቀስ ብሎ እጁን ከኮቱ ውስጥ ሰደደና እስክሪብቶ አወጣ። ለካ ኪሱ ውስጥ ይዞ ነበር! ጣቷን ይዞ መስመሩ ላይ አደረሰላት፤ ፈረመች። መልሶ ከተተው። ያየነው እኛ ሦስታችን ብቻ ነን፣ እናንተም ለማንም አትናገሩ።

«ታዲያ አሁን ይሰጠናል?» አልኩት።

«ስካኑ በስድስት ሳምንት ይደርስዎታል» አለ። ይሄ ሰው ከመመሪያ መዳኑን እንጃ።

ስድስቱ ሳምንት ዘጠኝ ሆነ። በዚያ መካከል የእማዬ ዓይን ብርሃንና ጨለማ ከመለየት አላለፈም። እሷ ግን በየቀኑ ለመጣው ሁሉ «ልጄን አየሁት እኮ፣ ሊስቅ ሲል ነው» ትላለች። እኔም ደግ ተሠራ፣ በቃ ጨረስን፣ ከእንግዲህ ወረቀቱ ቢመጣም ባይመጣም ግድ የለኝም ብዬ ነበር።

ፖስታው የመጣው ጠዋት፣ እኔ የአንዲት ሙሽራ ወገብ እያጠበብኩ ሳለ ነው። ውስጡ ትሪ የምታክል ፎቶ፣ ከእሷ ጋር ደግሞ አንድ ገጽ «የአጠቃቀም ግዴታዎች»። ከፎቶዋ ሥር በታተመ ፊደል «እናት፣ ልጇን ማሙሽን ይዛ» ይላል። አነበብኩላት። ደስ አላት፣ ደግመሽ አንብቢው አለች። ከዚያ ግዴታዎቹን እንድትስቅ ብዬ በባለጓንቱ ሹክሹክታ አነበብኩላት። አንደኛ፣ ለሦስተኛ ወገን ማሳየት ክልክል ነው። ሁለተኛ፣ ማባዛት ክልክል ነው። ሦስተኛ፣ ስብስቡን ሳይጠቅሱ መጠቀም ክልክል ነው። አራተኛ፣ በምስሉ ላይ መጨመር፣ መቀነስ፣ ማሳመር ወይም በማናቸውም መንገድ መለወጥ ክልክል ነው።

አልሳቀችም። «ፊቱን ንገሪኝ» አለች።

«አይተሽው የለ እንዴ?»

እጇን ጭኗ ላይ አሸት አሸት አደረገች። «ምኑን አየሁት። ነጭ ብርሃን ነው ያየሁት። ያንን ሁሉ ወር ተንከራተሽ፣ ያም የቤተ መጻሕፍቱ ልጅ ከፊቴ ቆሞ እየጠበቀኝ፣ አላየሁም ልበል? አንጀታችሁን እንዳላሳርር ብዬ ነው።» ቀጥላም «እናንተ ግን አይታችሁታል። ወደ እኔ ነው የሚያየው ብሎ የለ? አንቺ ደግሞ ውሸት አታውቂም። ንገሪኝ» አለች።

ፎቶውን አየሁት። ስላደገ ጭጋጉም አድጓል፤ ሳህን የሚያክል ነጭ ነገር። የስፌት መኪናዬ ላይ የሙሽራዋ ቀሚስ ተንጠልጥሏል፣ የቁልፍ ቆርቆሮው ክፍት ነው፣ እማዬ ፊቷን ወደ እኔ አቅንታ ትጠብቃለች። ያንን ፊት አየሁት። እንግዲህ ከየት ላምጣ?

«ግንባሩ ሰፊ ነው» አልኩ፣ ግንባሯን እያየሁ። «ቅንድቡ ገና ነው፤ ስስ ነው፣ ግን መሐሉ ላይ ከፍ ይላል። ዓይኑ ትልልቅ ነው። የቀኙ ከግራው ትንሽ ጠበብ ይላል።»

እጇ ወደ ራሷ ቀኝ ዓይን ሄደ። «እሺ» አለች።

«ጆሮው ወጣ ያለ ነው። አገጩ ላይ ጎድጎድ ያለች ነገር አለች። አፉን ከፈት አድርጎ... አንድ ጥርስ ትታየዋለች።»

«ጥርስ?» አለች ቀና ብላ። «የአምስት ወር ልጅ እኮ ነው። ጥርስ አላበቀለም።»

ላብ አሰመጠኝ። «ብርሃኑ ነው መሰለኝ» አልኩ። «ድዱ ላይ ያረፈ ብርሃን። አዎ፣ ብርሃን ነው።»

ተነፈሰች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ግንባር፣ ቅንድብ፣ ዓይን እያለች። ከዚያ ፊቷ ተፈታ።

«እሱ ነው» አለች። «ልክ እሱ ነው። ጠፍቶብኝ ነበር።» እጇን ዘርግታ ጉልበቴን ፈልጋ ያዘችው። «በይ ደግመሽ ንገሪኝ።»

ደገምኩላት። ያቺን ጥርስ ብቻ አወጣኋት።